የጓሮ መዋኛ ገንዳን በፀሐይ ሽፋን ማሞቅ፦ ከልኬት እስከ ማከማቻ

የፀሐይ ሽፋን፣ ማለትም ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ባለ አየር አረፋ ፕላስቲክ፣ ገዝተው ገንዳቸው ላይ ከዘረጉ በኋላ ሳምንት ጠብቀው «ውኃው ያው ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሽፋኑ አይደለም። ሽፋኑ ዳር ዳሩን ክፍተት ትቶ ተቆርጧል፣ ወይም ተገልብጦ ተዘርግቷል፣ ወይም ቀን ተዘርግቶ ማታ ተነሥቷል። ይህ መመሪያ እነዚህ ስሕተቶች እንዳይደርሱ ሥራውን ከመጀመሪያው ልኬት አንሥቶ በቅደም ተከተል ያስኬዳል፤ አንዱ ደረጃ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግም በየቦታው ያመለክታል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዝ። ሽፋኑ ማሞቂያ አይደለም። ውኃውን የምታሞቀው ፀሐይ ናት፤ የሽፋኑ ሥራ ቀን የገባው ሙቀት ተመልሶ እንዳይወጣ መያዝ ነው። ከዚህ በታች ያለው ትእዛዝ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት፦ ምን ያህል ሙቀት ይጠብቁ?

ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ጉልበት ቢያርፍና ውኃው ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛውን ቢይዝ፣ የዕለቱ ገቢ ገንዳውን በ2.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለማሞቅ ይበቃል።

አሁን ወጪውን እንመልከት። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት 580 ሊትር ያህል ውኃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። አየሩ ደረቅና ነፋሻ በሆነበት ዕለት ከዚሁ ገንዳ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢተን 160 ሊትር ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ገንዳውን በ1.9 ዲግሪ ያወርደዋል። ሌሊት በጨረር መልክ ወደ ሰማይ የሚወጣው ሙቀት ሲጨመርበት ገቢና ወጪው ይቻቻልና ውኃው ባለበት ይቆማል። ሽፋን የሌለው ገንዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየመታው የማይሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽፋኑ በዋናነት የሚዘጋው የትነቱን በር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ፀሐያማ ቀናት ውኃው በቀን ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ከጨመረ ነገሩ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። ውኃው ከአየሩ ይበልጥ እየሞቀ በሄደ መጠን ጭማሪው እየቀነሰ ይመጣል፤ ይህም ብልሽት አይደለም። በአንድ ቀን 5 ዲግሪ የሚፈልግ ሰው ግን የሚያስፈልገው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ሽፋኑ ያንን አያደርግም።

## ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሽፋን የደኅንነት መከላከያ አይደለም

ባለ አረፋ የፀሐይ ሽፋን ክብደት አይሸከምም። ሕፃን ወይም የቤት እንስሳ ከረገጠው ወደ ውኃው ይገባና ሽፋኑ ከላይ ይከደንበታል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ያለ ምንም ማቅማማት ይፈጽሙ።

- በገንዳው ዙሪያ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥርና በራሱ የሚዘጋ በር ይኑር። ሽፋኑ ስለተዘረጋ አጥሩ አያስፈልግም ማለት አይቻልም።
- ማንም ሰው ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። ግማሹን ገልጦ መዋኘት አይፈቀድም፤ ዋናተኛው ከሥሩ ከገባ መውጫውን ሊያጣ ይችላል።
- ሽፋኑ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ በዚያው ዕለት ይወገድ። ለሕፃን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃም አደጋ ነው።

## የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ረጅም ሜትር፣ የውኃ ቴርሞሜትር፣ ስለታም ትልቅ መቀስ፣ የማይለቅ ማርከር፣ የክሎሪንና የፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) መመርመሪያ፣ ባልዲ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሽፋኑ ሰፊ ከሆነ መጠቅለያ ዘንግ፣ እንዲሁም አንድ ረዳት ሰው። ማስታወሻ ደብተርም አይርሱ፤ ኋላ ላይ ሽፋኑ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ክርክር የሚቆርጠው እሱ ነው።

## ደረጃ 1፦ የገንዳውን የአሁን ሁኔታ ይመዝግቡ

1. ሽፋኑ ከመዘርጋቱ በፊት ለሦስት ቀናት ያህል ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልና ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ የውኃውን ሙቀት ይለኩ። ቴርሞሜትሩን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ከውኃው ወለል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይያዙ። ከላይ ያለው ስስ የውኃ ንጣፍ ከሌላው ቀድሞ ስለሚሞቅ እዚያ የተወሰደ ልኬት ያታልላል።
2. በማታውና በማለዳው መካከል ያለውን ልዩነት ይጻፉ። ይህ ቁጥር ገንዳዎ በአንድ ሌሊት የሚያጣው ሙቀት ነው።
3. ገንዳው የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። ባልዲ ውስጥ የገንዳውን ውኃ ሞልተው በገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ ያስቀምጡት፤ በባልዲው ውስጥ ያለው ውኃና የገንዳው ውኃ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ ሁለቱንም ምልክት ያድርጉባቸው። ከ24 ሰዓት በኋላ ከባልዲው ይልቅ የገንዳው ውኃ በግልጽ ዝቅ ካለ ፍሳሽ አለ። በየዕለቱ ቀዝቃዛ ውኃ የሚጨመርበት ገንዳ ምንም ዓይነት ሽፋን ቢደረግበት አይሞቅም፤ ፍሳሹ መጀመሪያ ይጠገን።
4. ረፋድ ላይ፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ጥላው የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። አብዛኛውን ቀን ጥላ ሥር የሚውል ገንዳ ገቢ የለውም፤ ለእንዲህ ያለው ገንዳ ሽፋኑ የሚያገለግለው ውኃው ይበልጥ እንዳይቀዘቅዝ ለመከላከል ብቻ ነው። ዛፍ መከርከም የሚቻል ከሆነ ከሽፋን ግዢ በፊት ይከርከም።
5. ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ያስተውሉ። ይህ የመጠቅለያውን ቦታ ለመወሰን በደረጃ 7 ያስፈልጋል።

## ደረጃ 2፦ ይለኩ

የሚለካው የውኃው ገጽ እንጂ የገንዳው ጠርዝ አይደለም። ሽፋኑ የሚንሳፈፈው በግድግዳዎቹ መካከል ስለሆነ ሜትሩን በውኃው ከፍታ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘርጉ። ጥልቀት ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

አራት ማዕዘን ገንዳ ከሆነ ርዝመቱንና ስፋቱን በሁለቱም ጫፍና በመካከል ይለኩ፤ ቀጥ ያለ የሚመስል ግድግዳ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያዘነብላል። ቅርጹ ክብ፣ ሞላላ ወይም ጠማማ ከሆነ ረጅሙን ርዝመትና ሰፊውን ስፋት ወስደው እሱን የሚሸፍን አራት ማዕዘን ይዘዙ፤ ትርፉን በቦታው ላይ ይቆርጡታል። በሁሉም ዓይነት ላይ በየአቅጣጫው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ። ትርፍ ሽፋን ይቆረጣል፤ ያነሰ ሽፋን ግን መድኃኒት የለውም።

## ደረጃ 3፦ ሽፋኑን ይምረጡ

ቀለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥቁር ነገር በፀሐይ ይሞቃልና ጥቁር ሽፋን ይሻላል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ነገር ግን ጥቁሩ ሽፋን ብርሃኑን ራሱ ላይ ያስቀረዋል፤ የሚሞቀው ፕላስቲኩና ከሥሩ ያለው ስስ የውኃ ንጣፍ ሲሆን ከዚያም ሙቀት የተወሰነው ወደ አየር ይመለሳል። ብርሃን የሚያሳልፈው ሽፋን ግን ጨረሩ ወደ ታች ወርዶ በውኃውና በገንዳው ወለል እንዲዋጥ ያደርጋል። ብርሃን አሳላፊ ባለ አረፋ ሽፋን ከፀሐይ ገቢ ላይ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀንስ፣ ብርሃን የማያሳልፈው ከ20 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ዓላማዎ ማሞቅ ከሆነ ግልጽ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ይውሰዱ። ጥቁሩ የሚመረጠው ሙቀት መያዝና የዋቅላሚን (የአልጌን) እድገት መቀነስ ከማሞቅ ይልቅ በሚፈለግበት ቦታ ነው።

ውፍረት። ውፍረቱ በማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ይነገራል፤ በብዛት የሚገኙት 200፣ 300 እና 400 ማይክሮን ናቸው። ወፍራሙ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፣ ነፋስም በቀላሉ አያነሣውም፤ ነገር ግን ይከብዳል። ብቻዎን የሚያነሡት ከሆነና መጠቅለያ ከሌለዎት መካከለኛውን ይምረጡ። ለማንሣት የሚያታክት ሽፋን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከገንዳው ዳር ተጥሎ ይቀራል፤ በጓሮ የተጣለ ወፍራም ሽፋን ደግሞ ውኃው ላይ ካለ ስስ ሽፋን ያነሰ ጥቅም ነው ያለው።

የፀሐይ መከላከያ። ፕላስቲኩ ከአልትራቫዮሌት ጨረር እንዲጠበቅ የተዘጋጀ መሆኑ ይጠየቅ። ያልተዘጋጀ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሰባበራል።

## ደረጃ 4፦ ውኃውን ያዘጋጁ

ሽፋን የተደረገበት ውኃ በግልጽ አየር ስለማይተነፍስ ያለበትን ችግር ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከመዘርጋትዎ በፊት፦

1. ቅጠልና ቆሻሻውን ያንሡ፤ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጉ፤ ማጣሪያውን ያጽዱ።
2. ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል ያስገቡ።
3. ነጻ ክሎሪኑ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ይሁን። ገንዳው በብዙ ክሎሪን ታክሞ ከሆነ መጠኑ ወደዚህ እስኪወርድ ድረስ፣ ሁለት ቀንም ይፍጅ፣ ሽፋኑን አይዘርጉ። ከውኃው የሚወጣው ጋዝ ከሥሩ ታፍኖ አረፋዎቹን ያደርቃቸዋል፤ ሽፋን ከጊዜው በፊት ከሚያረጅባቸው ምክንያቶች ይህ አንዱ ነው።
4. የውኃው ከፍታ በስኪመሩ (ከውኃው ገጽ ቆሻሻን ወደ ማጣሪያው የሚስበው የግድግዳ መግቢያ) አፍ መካከል ላይ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን። ምክንያቱ በደረጃ 8 ይገለጻል።

## ደረጃ 5፦ ዘርግተው ያሳርፉት

ሽፋኑ ታጥፎ ስለሚመጣ የመታጠፊያ መስመሮቹ ወዲያው አይጠፉም። መስመሮቹ ሳይለቁ የሚቆርጥ ሰው ኋላ ላይ ሽፋኑ ሲዘረጋ ልኬቱ ይዛባበታል።

1. እሽጉን የሚፈቱት ገንዳው ዳር ሆነው፣ ወዲያው ለመዘርጋት በተዘጋጁበት ሰዓት ይሁን። የታጠፈ ወይም የተጠቀለለ ሽፋን ፀሐይ ላይ ለአጭር ጊዜም ቢሆን አይተዉ። ውኃ ላይ ያለ ሽፋን ሙቀቱን ለውኃው ያስረክባል፤ ተደራርቦ የተቀመጠ ግን ሙቀቱ በንጣፎቹ መካከል ስለሚታፈን አረፋዎቹ ይለጠጣሉ፣ ይፈነዳሉ ወይም እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ይህ ከደረሰ የሚመለስበት መንገድ የለም።
2. ከረዳትዎ ጋር ሆነው ሁለቱን ማዕዘኖች ይያዙና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየጎተቱ ውኃው ላይ ይዘርጉት። በሲሚንቶ ወለል ላይ አይጎትቱት፤ አረፋዎቹ ይቀደዳሉ።
3. አረፋ ያለው ፊት ወደ ታች፣ ለስላሳው ፊት ወደ ላይ ይሁን። እርግጠኛ ለመሆን በሁለቱም ፊት መዳፍዎን ያሳልፉ፤ ሸካራው ውኃውን ይንካ። አረፋው ወደ ላይ ከሆነ አቧራና የዝናብ ውኃ በመካከሉ ይጠራቀማል፣ አረፋዎቹም በቀጥታ ለፀሐይ ተጋልጠው ቶሎ ያልቃሉ።
4. ትርፉ ጠርዝ ግድግዳው ላይ ወጥቶ እንዲቀመጥ ይተዉትና ፀሐያማ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ያሳርፉት።

ነፋስ በሚበረታበት ቀን ይህን ደረጃ አይጀምሩ። ያልተቆረጠ ሽፋን ጠርዙ በአየር ላይ ስለሚቆም ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ በአንድ ጊዜ ይገለብጠዋል። ከተገለበጠ ከመካከሉ አይጎትቱት፤ አንዱን ጫፍ አግኝተው ወደ ዳር ያምጡትና ከዚያ እንደ አዲስ ይዘርጉት።

## ደረጃ 6፦ ይቁረጡ

ከሥራው ሁሉ መቸኮል የማያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

1. መጠቅለያ ዘንግ የሚገጠምበት ጫፍ በፋብሪካ የተሰፋ ወይም የተጠናከረ ከሆነ ያ ጫፍ አይቆረጥ። ቀጥ ብሎ ከግድግዳው ጋር እንዲገጥም አድርገው ከዚያ ይጀምሩ።
2. ውኃው ግድግዳውን በሚነካበት መስመር ላይ በማርከር ምልክት እያደረጉ ዙሪያውን ይሂዱ። ለሁለት መሥራት የተሻለ ነው፤ አንዱ ሽፋኑን ወጥሮ ይያዝ፣ ሌላው ምልክት ያድርግ።
3. መጀመሪያ ከምልክቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ርቀው ይቁረጡ። ሽፋኑ ወርዶ ውኃው ላይ ሲተኛ የቀረውን ትርፍ በትንሽ በትንሹ ያስተካክሉ።
4. ሲያልቅ ሽፋኑ ከግድግዳው ጋር ሳይጨማደድ ገጥሞ ይንሳፈፍ። ጠርዙ ወደ ላይ ከታጠፈ ነፋስ ያነሣዋል፤ ወደ ውስጥ ከራቀ ደግሞ ዙሪያውን ትነት ይወጣል። ሁለቱን እኩል አይፍሯቸው፤ ጥቂት ትርፍ ከጥቂት ጉድለት ይሻላል።
5. መሰላል ባለበት ቦታ ትልቅ ጉድጓድ አይቁረጡ። ከጠርዙ እስከ መሰላሉ አንድ ቀጥተኛ መስመር ቀድደው የእግሮቹን ስፋት ብቻ ያክሉ፤ ሽፋኑ በሁለቱ በኩል ተመልሶ ይገጥማል። መሰላሉ የሚነቀል ከሆነ ነቅሎ ሙሉውን መተው ከሁሉም ይመረጣል።

ከመጠን በላይ ከቆረጡ፦ የተረፈውን ቁራጭ አይጣሉ። ክፍተቱ ባለበት በኩል ቁራጩን አረፋውን ወደ ታች አድርገው ለብቻው ያንሳፍፉት። በማጣበቂያ ለማያያዝ መሞከር አብዛኛውን ጊዜ አያዛልቅም፤ ፕላስቲኩ ፖሊኤትሊን ስለሆነ ማጣበቂያ በደንብ አይዘውም።

ሽፋኑ ለአንድ ሰው የሚከብድ ከሆነ በስፋቱ ለሁለት ወይም ለሦስት መቁረጥ ይቻላል። በመጋጠሚያው የሚወጣው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ሳይዘረጋ በቀረበት ሌሊት የሚወጣው ግን ብዙ ነው።

## ደረጃ 7፦ መጠቅለያውን ይግጠሙ

መጠቅለያ ዘንግ ቅንጦት ቢመስልም ሽፋኑ በየቀኑ ሥራ ላይ የሚውለው እሱ ሲኖር ነው። ነፋሱ ከኋላ ሆኖ ሽፋኑን ወደ ውኃው በሚገፋበት ጫፍ ያስቀምጡት፤ እንዲህ ከሆነ ሲዘረጉ ነፋሱ ይረዳዎታል። ማሰሪያዎቹ እኩል ርዝመት ይኑራቸው፤ አንዱ ካጠረ ሽፋኑ እየተጠማዘዘ ይጠቀለላል። በሌላኛው ጫፍ ለመሳቢያ የሚሆን ገመድ ያስሩ።

ሽፋኑ ተጠቅልሎ በሚቀመጥባቸው ሰዓታት ነጭና ብርሃን የማያሳልፍ ልብስ ይደረግበት። በደረጃ 5 የተነገረው የመታፈን ጉዳት እዚህም ያው ነው።

ሽፋኑ ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ከተጠቀለለ፦ ሙሉውን መልሰው ዘርግተው የላላውን ማሰሪያ ያሳጥሩ። በጉልበት ማዞር ዘንጉን ያጣምመዋል።

## ደረጃ 8፦ የዕለት ተዕለት አጠቃቀም

1. ሌሊት ሁልጊዜ ይሸፈን። በዚህ መመሪያ ካሉት ትእዛዞች አንዱን ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ዋና ሲያልቅ ሽፋኑ ወዲያው ይመለስ፤ ነፋሻ ምሽት ላይ ሁለት ሰዓት ገልጦ መተው ከቀኑ ገቢ ጉልህ ድርሻ ይወስዳል።
2. ቀን ማንም የማይዋኝ ከሆነ ብርሃን አሳላፊው ሽፋን እንደተዘረጋ ይዋል። ብርሃን የማያሳልፍ ሽፋን ያለው ሰው ግን ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን ጠንካራዋ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ገልጦ ከሰዓት በኋላ ቢሸፍን ይሻለዋል።
3. ፓምፑ በቀን፣ በተለይ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ይሥራ። ከሽፋኑ ሥር ያለው ውኃ ሞቆ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ፓምፑ ከታችኛው ጋር ካላቀላቀለው ላዩ ብቻ ሙቅ ይሆናል። ውኃ የሚመለስባቸውን አፎች ወደ ታች ያዙሯቸው።
4. ፏፏቴና የውኃ መርጫ ካለ ይዘጋ። ውኃን በአየር ላይ መበተን ማቀዝቀዣ ዘዴ ነው።
5. ስኪመሩን ይከታተሉ። የውኃው ከፍታ ዝቅ ካለ የሽፋኑ ጠርዝ ወደ ስኪመሩ አፍ ይሳባል፤ መጀመሪያ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ አፉ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ፓምፑ ድምፁን ቀይሮ አየር መሳብ ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን በቅድሚያ ፓምፑን ያጥፉ፤ ፓምፑ እየሠራ ሽፋኑን በእጅ ለማላቀቅ አይታገሉ። ከዚያ ጠርዙን ያንሡ፣ ውኃ ጨምረው ከፍታውን ያስተካክሉ፣ የፓምፑን ቅርጫት በውኃ ሞልተው እንደገና ያስነሡት። ነገሩ ከተደጋገመ በስኪመሩ አፍ ትይዩ ያለውን ጠርዝ ብቻ በጠባብ ግማሽ ክብ ይቁረጡ።
6. ከማንሣትዎ በፊት ላዩን ያለውን ቅጠልና አቧራ ይጥረጉ፤ አለዚያ ቆሻሻው በሙሉ ወደ ውኃው ይገባል። መጠቅለያ ከሌለ ከረዳት ጋር ሆነው በ1 ሜትር ስፋት እያጣጠፉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰብስቡትና ጥላ ሥር ያስቀምጡት።

## ደረጃ 9፦ ኬሚካሉን እንደ አዲሱ ሁኔታ ያስተካክሉ

ሽፋኑ ፀሐይ ክሎሪንን የምታጠፋበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ በቀድሞው መጠን የሚጨምር ሰው ሳያውቀው መጠኑን ያሳልፋል። በሌላ በኩል ሞቃት ውኃ ዋቅላሚን ያፋጥናል። ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ በግምት አይሄዱም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክሎሪኑንና ፒኤቹን ቢያንስ በየሁለት ቀኑ ይለኩና የሚጨምሩትን በዚያ ይወስኑ። ተንሳፋፊ የክሎሪን ማከፋፈያ ከሽፋኑ ሥር አይተዉ፤ ያረፈበትን ቦታ ያቃጥለዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ በሞቃትና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ሽፋኑን ለጥቂት ሰዓታት ገልጠው ውኃውን ያናፍሱት።

## ነገሩ ሲበላሽ

ሳምንት አልፎ ሙቀቱ ካልጨመረ፦ ወደ ማስታወሻው ይመለሱ። የሌሊቱ ቅናሽ ከቀድሞው በግልጽ ካላነሰ ችግሩ የሙቀቱ ወጪ ላይ ነው፤ የጠርዙን ክፍተት፣ የተገለበጠ አረፋን፣ ማታ ያልተዘጋ ፏፏቴን፣ በየዕለቱ የሚጨመር ቀዝቃዛ ውኃን ይፈትሹ። የሌሊቱ ቅናሽ አንሶ የቀኑ ጭማሪ ግን ጥቂት ከሆነ ችግሩ ገቢው ላይ ነው፤ ጥላ፣ ደመና፣ ብርሃን የማያሳልፍ ወይም በአቧራ የተሸፈነ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ አዲስ ሽፋን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ላዩ ሙቅ፣ ሥሩ ቀዝቃዛ ከሆነ፦ የፓምፑን ሰዓት ወደ ቀን ያዛውሩ፣ ያራዝሙትም።

ውኃው ከሚፈለገው በላይ ከሞቀ፦ ለአብዛኛው ሰው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ምቹ ነው። ከ30 ካለፈ ሽፋኑን ሌሊት ገልጠው ይተዉት፤ ትነቱ በአንድ ሁለት ሌሊት ያወርደዋል።

ነፋስ እየደጋገመ ካነሣው፦ ጠርዙ ከግድግዳው በላይ የወጣበትን ቦታ ፈልገው ይቁረጡ። ላዩ ላይ ጥቂት ውኃ መርጨትም ለጊዜው ያከብደዋል። ድንጋይ ወይም ጠርዝ ያለው ክብደት አያስቀምጡበት። ኃይለኛ ነፋስ ከተጠበቀ ጠቅልለው ይሰሩት።

ውኃው ከደፈረሰ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፦ ሽፋኑን ያንሡና በለስላሳ ብሩሽ ሁለቱንም ፊት ያጽዱ፤ ገንዳውን አክመው ክሎሪኑ በደረጃ 4 ወደተነገረው መጠን እስኪወርድ ገልጠው ያቆዩት። ሽፋኑ ሳይጸዳ ከተመለሰ ዋቅላሚውን ይዞት ይመለሳል።

## ደረጃ 10፦ ያጽዱ፣ ያከማቹ

በወር አንድ ጊዜ ያህል ሽፋኑን በለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው በውኃ ያለቅልቁት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማጠቢያ አረፋውን ይገነጥለዋል፤ ቤንዚንና ሌላ ማሟሚያ ደግሞ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ አጥበው ሁለቱንም ፊት ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ሽፋን ይሻግታል፤ ለማድረቅም ሲባል ተደራርቦ ፀሐይ ላይ አይተው፤ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በጥላ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ላላ አድርገው ጠቅልለው ከመሬት ከፍ ባለ፣ ቀዝቃዛና ጥላማ ቦታ፣ አይጥ በማይደርስበት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት።

መልሰው ከመዘርጋትዎ በፊት ከተለያዩ ቦታዎች ጥቂት አረፋዎችን በጣትዎ ጫን ብለው ይሞክሩ። ጤነኛው አረፋ ተመልሶ ይነፋል። እንደ ደረቅ ቅጠል እየተንኮሻኮሸ የሚፈረፈር ከሆነ፣ ወይም በስኪመሩ ቅርጫት ውስጥ ትንንሽ የፕላስቲክ ቅርፊቶች መታየት ከጀመሩ ሽፋኑ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ቅርፊቶቹ ማጣሪያውን ስለሚደፍኑ ወደ ውኃው ሳይመልሱት ይለውጡት።